በዓይኔ ውስጥ የተገኘችው የጤፍ ፍሬ፦ የአንድ የረቲና ክሊኒክ አገልግሎት ግምገማ

ይህን ግምገማ የምጽፈው ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የረቲና ሕክምና ክሊኒክ ለ14 ወራት ስመላለስ ያገኘሁትን አገልግሎት ለመመዘን ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፤ አምስተኛውን ለምን እንደ ነፈግሁትም ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የክሊኒኩን ስም የማልጠቅሰው በስልክ አገልግሎቱና በሒሳብ አያያዙ ላይ በጽሑፍ ያቀረብሁት ቅሬታ ገና መልስ ስላላገኘ ነው። ይሁን እንጂ ሕመሙ ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው፣ ሬቲናል ሄማንጂዮብላስቶማ የሚባል፣ በረቲና (ብርሃን በሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን) ላይ የሚወጣ የደም ሥር ዕጢ ስለሆነ፣ ከማንኛውም የረቲና ሐኪም ዘንድ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ ስሙ ባይኖርም ጽሑፉ ያገለግላል ብዬ አስባለሁ።

የምሠራው በመኪና ማቆሚያ ድርጅት ውስጥ ነው። እንደ ብዙ የዚህ አካባቢ ኢትዮጵያውያን እኔም በትኬት ቆራጭነት ጀምሬ ዛሬ ሦስት ሕንጻዎችን እቆጣጠራለሁ። መኪና ከመኪና የሚለየው የወለሉ ነጭ መስመር ቀጥ ያለ ለመሆኑ እኔን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ያስቀባሁት ራሴ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሰኔ ወር አንድ ቀን አቧራ የገባበትን ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ወለሉን ስመለከት መስመሩ መሐሉ ላይ ጎብጦ ታየኝ። ግራውን ከፍቼ ቀኙን ስሸፍን ደግሞ መልሶ ቀጥ አለ። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ሞከርሁት፤ ቀኝ ዓይኔ የሚያየው መስመር ምንጊዜም ጎባጣ ነበር።

መጀመሪያ የሄድሁት መነጽር ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። በዚያ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ መስታወት ተለወጠልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊደል አስነበቡኝ፣ የዓይን ግፊቴን ለኩ፣ ዋጋውን ተቀብለው አሰናበቱኝ። ብሌኔን በጠብታ አስፍቶ የዓይኔን ወለል የተመለከተ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የማነሣው ለመውቀስ ብቻ አይደለም። እንዲህ ዓይነቱ ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚበቅለው በረቲናው ዳርቻ ላይ ስለሆነ፣ ብሌን ካልሰፋ በስተቀር ጎበዝ ሐኪም እንኳ ሊያየው አይችልም። በአምስተኛው ወር ሁለተኛውን መነጽር አውልቄ ወደ አንድ አጠቃላይ የዓይን ሐኪም ሄድሁ፤ እሳቸውም በዚያው ቀን ጠብታ አድርገው ካዩኝ በኋላ ሪፈራል ጽፈው በስድስት ቀን ውስጥ አሁን ወደምገመግመው ክሊኒክ ላኩኝ።

የመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። በዚያን ጊዜ እጅግ አማርሬ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከአራቱ ኮከቦች ሁለቱን የሰጠሁት ለዚያች ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ባለሙያዋ ሁለቱንም ዓይኖቼን በጠብታ ካሰፋች በኋላ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ስፋት በሚያነሣ ካሜራ ፎቶ አነሣችኝ፤ የተለመደው የዓይን ወለል ካሜራ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ብቻ ስለሚያሳይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቀጥሎ ኦሲቲ በሚባለው መሣሪያ አገጬን አስደግፋ የረቲናዬን ንብርብር በብርሃን ቀረጸችው። መሣሪያው ዓይንን ሳይነካ የረቲናን ውፍረት ከጎን የተቆረሰ ዳቦ እንደሚታይ አድርጎ ያሳያል። የእኔ ምስል በስክሪኑ ላይ ሲወጣ በማኩላዬ፣ ማለትም ጥርት ያለው እይታ በሚገኝበት መካከለኛ ቦታ ላይ፣ ፈሳሽ የቋጠሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ተደርድረው አየሁ። የእንጀራ ዓይን ይመስሉ ነበር። የወለሉን መስመር የሚያጎብጡብኝ እነዚህ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የፍሎረሲን ምርመራ ነው። ብርቱካናማ ቢጫ የሆነ ቀለም በክንዴ ደም ሥር ተሰጠኝ፤ ቀለሙ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይን ደርሶ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ ያበራል። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ማቅለሽለሽ ተሰማኝ፤ ሽንቴም እስከ ማግስቱ ድረስ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ቆየ። ይህን አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ስለ ሰጡኝ አልደነገጥሁም። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሁለት የሕክምና ተማሪዎች ያስተዋወቁት ሲሆን፣ በደም ሥሮች ውስጥ ምን በምን ተራ እንደሚሞላና የትኛው ቦታ እንደሚያፈስ ለማየት እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በመጨረሻ ዶክተሯ ገቡ። በራሳቸው ላይ መብራት ያለው መሣሪያ አጥልቀው፣ ሌንስ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው እጃቸው የዓይኔን ጠርዝ ከሽፋሽፍቱ በላይ በትንሽ ብረት ጫን እያሉ ሁለቱንም ዓይኖቼን ዙሪያውን ፈተሹ። ያማል ባይባልም ምቾት ይነሣል። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው የቀኝ ዓይኔን ፎቶ አሳዩኝ። በታችኛው የውጭ ዳርቻ ላይ ብርቱካናማ ቀይ የሆነች ክብ ነገር አለች፤ ወደ እርሷ የሚሄድ አንድ ደም ወሳጅ ከእርሷም የሚመለስ አንድ ደም መላሽ አለ፤ ሁለቱም ከሌሎቹ ደም ሥሮች ሁለት እጥፍ ወፍረው እንደ እባብ ተጣጥፈዋል። «ስፋቷ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው» አሉኝ። የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። ቤቱን በሙሉ የምታጎርፈው ይህች ናት ብሎ ለማመን ያስቸግራል፤ ነገር ግን ከእርሷ የሚያፈሰው ፈሳሽና ስብ በረቲናው ሥር እየሳበ ሄዶ የሚጠራቀመው ከርቀት፣ በማኩላው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ክሊኒኩን ከልብ የማመሰግንበትን ነገር ልግለጽ። ዶክተሯ የዕጢውን ስም ለመናገር አልቸኮሉም። በረቲና ላይ የሚወጡ ካንሰር ያልሆኑ የደም ሥር ዕጢዎች ከአንድ በላይ ናቸው፤ ሕክምናቸውም፣ ለተቀረው አካል የሚያመለክቱትም ነገር እጅግ የተለያየ ነው። ካቨርነስ ሄማንጂዮማ የሚባለው እንደ ወይን ዘለላ የተሰበሰቡ ጠቆር ያሉ ከረጢቶች ሆኖ ይታያል፤ ደሙ በውስጡ ስለሚዘገይ በቀለሙ ምርመራ ላይ ቀይ ሕዋሶቹ ወደ ታች ዘቅጠው ፈሳሹ ከላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያፈስም ሐኪሞች አይነኩትም፤ ይልቁን በአንጎል ውስጥ ተመሳሳይ የደም ሥር ችግር እንዳለ ለማወቅ ያስመረምራሉ። ሌላው ደም ወሳጁና ደም መላሹ ያለ መሐከለኛ በቀጥታ ተገናኝተው የሚጠማዘዙበት ነው፤ ይህ ከአንጎሉ የደም ሥር መዛባት ጋር አብሮ ሲገኝ ዋይበርን ሜሰን ይባላል፤ እሱም በአብዛኛው አያፈስም። ቫዞፕሮሊፈራቲቭ ዕጢ የሚባለው ደግሞ እንደ እኔው በታችኛው የውጭ ዳርቻ ላይ መውጣት ይወዳል፣ ያፈሳልም፤ ሆኖም በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከ40 ባለፈ ሰዎች ላይ ነው፤ አንዳንዴም በሌላ የቆየ የዓይን ሕመም ምክንያት ይመጣል። ከእኔው የሚለየው ዋናው ምልክት እነዚያ የወፈሩ መጋቢና መላሽ ደም ሥሮች የሌሉት መሆኑ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ 37 ዓመቴ ነበር፤ ደም ሥሮቹም በግልጽ ወፍረዋል። በቀለሙ ፊልም ላይም መጀመሪያ ደም ወሳጁ፣ ቀጥሎ ዕጢዋ፣ ከዚያ ደም መላሹ በተራ ሲሞሉ፣ በመጨረሻም ዕጢዋ እንደ ቀዳዳ ማድጋ ስታፈስ አሳዩኝ። ይህ ሬቲናል ሄማንጂዮብላስቶማ ነው አሉ።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የቀለሙን ፊልም መልሰው ሲያዩ፣ ምንም ባላመመኝና 20/20 በሚያነበው (ሁለተኛው ቁጥር ከ20 በላይ ሲያድግ እይታ ቀነሰ ማለት ነው) ግራ ዓይኔ ዳርቻ ላይ፣ ሩብ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ሌላ የምታበራ ነጥብ አገኙ። በተራው ፎቶ ላይ አልታየችም ነበር። ዶክተሯ መብራቱን ዳግመኛ አጥልቀው ወደ ግራ ዓይኔ ተመለሱና አረጋገጡ። ያቺ ሩብ ሚሊ ሜትር የጉዳዩን ትርጉም በሙሉ ለወጠችው። ምክንያቱም ዕጢዋ አንዲት ብቻ ብትሆንና በቤተሰብ ውስጥ ሌላ ታማሚ ባይኖር እንዲያው የመጣች ልትሆን ትችል ነበር፤ ሁለት ሆነው ሲገኙ ግን ቮን ሂፕል ሊንዳው የሚባለው የዘር ሕመም አለ ማለት ነው። የማያመውን ዓይን ጊዜ ወስዶ የሚፈትሽ ሐኪም ማግኘት ለዚህ ሕመም ከሌዘር ሕክምናው ይበልጣል የምለውም በዚህ የተነሣ ነው።

አስተርጓሚ የጠየቅሁት በዚህ ጊዜ ነው። ለሥራዬ የሚበቃ እንግሊዝኛ አለኝ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ወሬ በራስ ቋንቋ መስማት ይሻላል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ በሕግ ግዴታው ስለሆነ አንባቢ ለመጠየቅ አይፈር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንዲት አስተርጓሚ በስልክ ቀረቡ፤ ቃላቸው የለሰለሰ፣ ትሕትናቸው የተሟላ ነበር። ችግሩ የቃል ችግር ነው። ዶክተሯ የተናገሩትን ሰምተው «ደግ ዕጢ አለብዎት ይላሉ» አሉኝ። ዕጢ ደግሞ ደግ ይሆናል እንዴ ብዬ ዝም አልሁ። ቀጥለው ስለ አድሬናል ሲነሣ «ከኩላሊትዎ በላይ ያለው ዕጢ ላይ ዕጢ ሊኖር ይችላል ይላሉ» አሉ። በእርግጥ አልተሳሳቱም፤ በአማርኛ ሆርሞን የሚያመነጨውንም ጤነኛ አካል፣ ያለ ቦታው የሚያብጠውንም ነገር ዕጢ ነው የምንለው። ቢሆንም ለፈራ ሰው «ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም፤ ግን ባለበት ቦታ እያፈሰሰ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል» የሚል ግልጽ አረፍተ ነገር ያስፈልገዋል። ይህን አረፍተ ነገር በመጨረሻ ያገኘሁት ዶክተሯ በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው ሲያስረዱኝ ነው።

ከዚያ ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። አባቴ በ1985 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ደብረ ብርሃን ውስጥ እንደ ሞተ፣ «በራስ ምታት» እንደ ተባለ ነገርኋቸው። ከራስ ምታቱ በፊት ምን ይታይበት ነበር ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ ሲሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤቴ ገብቼ ለአክስቴ ደወልሁ። «አባትህ እኮ በመጨረሻው ዓመት ሲራመድ እንደ ሰካራም ይወላገድ ነበር» አሉኝ። «ሰፈሩ በመጠጥ ያማው ነበር እንጂ ወንድሜ ጠላ እንኳ አይቀምስም ነበር። በቀኝ ዓይኑም አያይም ነበር፤ ልጅ ሳለ እንጨት ወጋው ብለን ነው የምናስበው።» ይህን በሁለተኛው ቀጠሮ ስናገር ዶክተሯ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉ። ይህ ሕመም በዓይን ላይ ብቻ ሳይሆን ሚዛን በሚጠብቀው የኋለኛው አንጎል ውስጥም ተመሳሳይ ዕጢ ያበቅላል፤ ሰውን የሚያወላግደውም ያ ነው። የአባቴን ሕመም ከ30 ዓመት በኋላ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ ነገር ግን ጥያቄውን የጠየቀ ሐኪም እስከዚያች ቀን አልነበረም።

ስለ ሕመሙ ራሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ኦይገን ፎን ሂፕል የረቲናውን ዕጢ እ.ኤ.አ. በ1904 ገለጸ፤ ስዊድናዊው አርቪድ ሊንዳው ደግሞ በ1926 የዓይኑና የኋለኛው አንጎል ዕጢ የአንድ ሕመም ሁለት መልኮች መሆናቸውን አሳየ፤ ስሙ ከሁለቱ ተገኘ። ከ36,000 ወሊዶች አንዱን ገደማ ያገኛል። ጉድለቱ ያለበት ዘረመል በሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ሲሆን፣ የተለየው በ1993 ነው፤ ሥራውን ከመሩት ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለችው በፍሬድሪክ ከተማ የካንሰር ምርምር ተቋም ውስጥ ነበሩ። አሠራሩም ይገርማል፤ ዘረመሉ የሚያዘጋጀው ፕሮቲን ሕዋስ ኦክስጂን በቂ ሆኖ ሳለ «አየር አጠረኝ» የሚለውን ምልክት የሚያጠፋ ነው። ፕሮቲኑ ሲጎድል ሕዋሱ በአየር መካከል ተቀምጦ አየር አጥቻለሁ እያለ ይጮኻል፤ ለጩኸቱም መልስ አዳዲስ ደም ሥሮች ይበቅላሉ። ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰመንዛ ሕዋስ ኦክስጂንን እንዴት እንደሚለይ በማሳየታቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ኬሊን የተነሣው ከዚሁ ሕመም ነበር።

ወደ ሕክምናው ስመለስ፣ ክሊኒኩ የሌዘር ሥራውን በጥሩ ሁኔታ ሠርቷል። ለቀኝ ዓይኔ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየተቆጠረ ሦስት ጊዜ፣ ለግራው አንድ ጊዜ ተደረገልኝ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ተደርጎ ሌንስ በዓይን ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ቢጫ ብርሃን በተደጋጋሚ ብልጭ ይላል። ቢጫውን የመረጡት የደም ቀይ ቀለም በሚገባ ስለሚውጠው እንደሆነ ነገሩኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ወደ ዳርቻው ሲጠጋ መርፌ ጫፍ እንደ ነካ ያህል ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዚያ የበለጠ አይደለም። ዓላማው ዕጢዋ እስክትነጣ ድረስ ማሞቅ ነው፤ መሥራቱ የሚታወቀውም የወፈሩት ደም ሥሮች በየቀጠሮው እየቀጠኑ ሲሄዱ ነው። የግራዋ ነጥብ በአንድ ጊዜ ጠፋች። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ የሚደረግ ሌዘር ቀላልና ፍሬያማ ነው፤ ሲተልቅ ግን ከውጭ በቅዝቃዜ ማድረቅ፣ በመድኃኒትና በብርሃን ማከም፣ ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፤ ውጤታቸውም እንደ ሌዘሩ እርግጠኛ አይደለም። በዓይን ነርቭ ራስ ላይ የተቀመጠ ዕጢ ደግሞ ሌዘሩ ነርቩን ስለሚጎዳ እይታ ካልቀነሰ በስተቀር ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ይያዛል። የእኔ ከዚያ ርቃ በመገኘቷ ዕድለኛ ነበርሁ።

አምስተኛው ኮከብ የወደቀው ከመጀመሪያው ሌዘር በኋላ ባለው ሳምንት ነው። በሦስተኛው ቀን የወለሉ መስመር ከመጉበጥ አልፎ መሐሉ ጠፋ፤ ግራጫ ጥላ ተጋረደበት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አራት ጊዜ ደወልሁ። አራቱንም ጊዜ የተቀዳ ድምፅ ቁጥር እንድጫን አዘዘኝ፤ ተጫንሁ፤ መልእክት ተውሁ። የተመለሰልኝ ማክሰኞ ነው። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ዓይኔ እንደ ጠፋ አምኜ ሚስቴ እየነዳች ወደ ሥራ ስታመላልሰኝ ነበር። ማክሰኞ ስገባ ፊደሉን እስከ 20/100 ድረስ ብቻ አነበብሁ፤ ከሌዘሩ በፊት 20/60 ነበርሁ። ዶክተሯ አይተው፣ ዕጢው ሲቃጠል ለጊዜው የበለጠ ማፍሰሱ የታወቀ ነገር እንደሆነ፣ ረቲናው ግን ከቦታው እንዳልተላቀቀና ፈሳሹ በሳምንታት ውስጥ እንደሚመጠጥ ነገሩኝ። እንዳሉትም ሆነ፤ በሁለት ወር ውስጥ 20/40፣ ሦስተኛው ሌዘር ካለቀ ከግማሽ ዓመት በኋላ ደግሞ 20/25 ደረስሁ። ስለ ሽንቴ ቀለም በወረቀት ጽፎ የሰጠ ክሊኒክ ስለዚህ አንድ መስመር መጻፍ እንዴት እንደ ረሳ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚህም በላይ ሌዘር የተደረገለት ሰው የሚያየው ሲቀንስ ዓርብ ማታ የሚያነሣለት ስልክ ሊኖር ይገባል፤ ረቲና ተላቆ ቢሆን ኖሮ አራት ቀን የሚጠበቅ ጉዳይ አልነበረም።

የሒሳቡን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በየቀጠሮው 60 ዶላር ኮፔይ (ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን የራሴን ድርሻ) እከፍላለሁ፤ የቀለሙ ምርመራ ግን ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ለኢንሹራንሴ ስለ ተላከ እስካሁን እየተጻጻፍን ነው። ቢላችሁን በዝርዝር ጠይቁ።

ከዓይን ውጭ ያለውን ክትትል በሚመለከት ክሊኒኩ ከጠበቅሁት በላይ ሠርቷል። ዶክተሯ ለመደበኛ ሐኪሜ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው የአንጎልና የአከርካሪ፣ እንዲሁም የኩላሊት፣ የቆሽትና የአድሬናል ኤምአርአይ እንዲታዘዝ፣ የዘረመል አማካሪም እንዳገኝ ጠየቁ። በተለይ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና ወይም ማደንዘዣ በፊት የአድሬናሉ ዕጢ አለመኖሩ በደም ምርመራ ይረጋገጥ የሚለውን ቃል በደማቅ ቀለም አስምረውበት ነበር፤ ያ ዕጢ ሳይታወቅ ማደንዘዣ ቢሰጥ የደም ግፊት በድንገት አሻቅቦ ለሞት ሊያደርስ ይችላልና። ከዓይን ሐኪም ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር። የዘረመሉ ውጤት ጉድለቱን አረጋገጠ፤ በአንጎሌ ምንም አልተገኘም፤ በኩላሊቴ ላይ ያለ አንድ የውኃ ከረጢት በየዓመቱ ይታያል።

መድኃኒት የለም ወይ ብዬም ጠይቄ ነበር። አለ። ቤልዙቲፋን ይባላል፤ በንግድ ስሙ ዌሊሬግ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በነሐሴ 2021 ለዚሁ ሕመም የኩላሊት፣ የአንጎልና የአከርካሪ፣ እንዲሁም የቆሽት ዕጢዎች ፈቀደው። ያንን ፕሮቲኑ ሲጎድል የሚነሣውን የ«አየር አጠረኝ» የውሸት ምልክት በቀጥታ የሚያፍን ክኒን ሲሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ 120 ሚሊ ግራም ይወሰዳል። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው ጥናት ከተካተቱት 61 ሰዎች የ12ቱ ዓይን ላይም ዕጢ ነበረ፤ የተመዘኑት 16 ዓይኖች ሁሉ መሻሻል አሳይተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አብዛኛውን ሰው ደም ያሳንሳል፣ ያደክማል፣ አንዳንዱን የኦክስጂን እጥረት ያመጣበታል፤ ፅንስ ስለሚጎዳ፣ በሆርሞን የሚሠሩ የእርግዝና መከላከያዎችንም ስለሚያከሽፍ ለወጣት ሴቶች ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለእኔ በአሁኑ ጊዜ ሌዘር የሚያጠፋውን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ማሳደድ አያስፈልግም አሉ፤ ምክንያታቸው አሳምኖኛል።

ሕመሙ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ለእያንዳንዱ ልጅ 50 በመቶ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነጻ ሆና ተገኘች፤ የአራት ዓመቱ ወንድ ልጄ ግን ወርሶታል። ክሊኒኩ ልጁን በየስድስት ወሩ ያየዋል፤ እስካሁን ዓይኖቹ ንጹሕ ናቸው። ዶክተሯ መብራቱን ከማጥለቃቸው በፊት «የማዕድን ቆፋሪ ኮፍያ ነው» ብለው አስነክተውት ስለ ነበር አላለቀሰም፤ እኔ ግን ውጤቱን እስክሰማ ድረስ ላብ አጠመቀኝ።

አዲስ አበባ ላለችው ታናሽ እህቴ ዶክተሯ ሌላ ደብዳቤ ጻፉልኝ። እርሷም ይዛው ወደ አንድ የግል የዓይን ክሊኒክ ሄዳ ታየች። የመጀመሪያው ጥያቄዋ «እዚህ ያ ሁሉ መሣሪያ ከየት ይመጣል?» የሚል ነበር። እንደ እኔ ልምድ ግን ዋናው መሣሪያ ጠብታውና የራስ ላይ መብራቱ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ማንኛውም የረቲና ሐኪም ባለበት ይገኛሉ፤ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍልም ሆነ በሌላ ቦታ። መባል ያለበት ነገር «መነጽር ልለካ ነው የመጣሁት» ሳይሆን «ወንድሜ ሬቲናል ሄማንጂዮብላስቶማ አለበት፤ ሁለቱንም ዓይኖቼን አስፍተው እስከ ዳርቻው ይዩልኝ» ነው። ሐኪሙ ሃያ ደቂቃ ፈተሻት፤ ምንም አልተገኘባትም፤ የዘረመል ምርመራውን እስክታደርግ ድረስ በየዓመቱ ትታያለች።

ወደዚህ ክሊኒክም ሆነ ወደ መሰሉ ለሚሄድ ሰው የምመክረው፦ የሚነዳላችሁ ሰውና ጥቁር መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመሄዳችሁም በፊት ለታላላቆቻችሁ ደውላችሁ ማን በስንት ዓመቱ በምን እንደ ሞተ፣ ማን ዓይኑ እንደ ጠፋ፣ ማን ሲራመድ ይወላገድ እንደ ነበር ጻፉ። እንደ ሙያዬ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ክሊኒኩ ያለበት ሕንጻ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ላይ የሚመታው ማኅተም ነጻ የሚያደርገው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀለም ምርመራ ያለበት ቀጠሮ ግን ከሦስት ሰዓት በታች አያልቅም። ማኅተሙን ስትገቡ ሳይሆን ስትወጡ አስመቱ፤ ለትርፉ ሰዓትም ሁለተኛ ማኅተም ጠይቁ። ሲጠየቁ ይሰጣሉ፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም።